ደርቢ፦ ከዴኖች መንደር እስከ ሸገር

ጨዋታ ባለበት እሑድ ከስፖንጋ ወደ መሀል ስቶክሆልም የሚሄደውን ባቡር የተሳፈረ ሰው ቀኑ ተራ ቀን እንዳልሆነ ወዲያው ያውቃል። አንዱ ወገን የዩርጎርደንን ሰማያዊ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥሟል፤ ሌላው የሃማርቢን አረንጓዴና ነጭ ለብሷል። ሁለቱ ወገኖች አንድ ፉርጎ ውስጥ ከተገናኙ ዝም ብሎ መስኮት ማየት ይሻላል። የስዊድን ጋዜጦችም ቀኑን «ደርቢ» ይሉታል። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ደውላችሁ ከሆነ ደግሞ ወንድማችሁ «አሁን አልችልም፣ የሸገር ደርቢ እያየሁ ነው» ብሎ ስልኩን ዘግቶባችሁ ይሆናል።

ስዊድንኛውም አማርኛውም ደርቢ ይላሉ። ታዲያ ቃሉ የማን ነው? ብዙዎቻችን «የእንግሊዝ ነው» ብለን እናልፈዋለን። እውነት ነው፤ ደርቢ በመካከለኛው እንግሊዝ ያለ ከተማ ስም ነው። ነገር ግን ያንን ስም ለከተማው ያወጡለት እንግሊዞች አልነበሩም። ስሙ ከውጭ የመጡ ሰዎች ስም ነው። የነሱን ቃል ዘመዶች ለማየትም እዚህ ስፖንጋ ላለነው ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የሠፈራችንን ካርታ መክፈት ይበቃል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተጠቀሰ በቀር፣ ሁሉም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማው ሌላ ስም ነበረው

ዛሬ ደርቢ የምንለው ቦታ በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኖርዝወርዚ ይባል ነበር። ይህ የአንግሎ ሳክሰኖች ስም ነው። በ865 ከዴንማርክና ከአካባቢው የተነሣ ትልቅ ጦር ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ ገባ። ይህ ጦር እንደ ቀደሙት የቫይኪንግ ዘራፊዎች በበጋ መጥቶ በክረምት የሚመለስ አልነበረም፤ እዚያው ከረመ። ከ870ዎቹ ጀምሮ ወታደሮቹ የያዙትን መሬት ተከፋፍለው ማረስ ጀመሩ። መርሲያ ከተባለው መንግሥት የምሥራቁን ክፍል የወሰዱት በ877 ነው። ከያዟቸው ቦታዎች አምስቱ ዋና ምሽጎች ሆኑ፦ ሊንከን፣ ኖቲንግሃም፣ ሌስተር፣ ስታምፎርድና የዛሬው ደርቢ።

በአሥረኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው ታሪክ ጸሐፊ ኤቴልዌርድ ስለዚህ ቦታ ሲናገር፣ ኖርዝወርዚ እንደሚባልና ዴኖቹ ግን በቋንቋቸው ዴኦራቢ እንደሚሉት ይነግረናል። እንግዲህ ቦታው ለተወሰነ ጊዜ በሁለት ስም ይጠራ ነበር ማለት ነው። ነባሩ ሰው በአንዱ፣ መጤው በሌላው። በ917 የመርሲያ እመቤት የነበረችው ኤቴልፍሌድ ምሽጉን በጦር አስመለሰች፤ የዴኖቹም አገዛዝ በቦታው ላይ አበቃ። ስማቸው ግን አልተመለሰም። ዛሬ ኖርዝወርዚን የሚያውቅ የታሪክ ተማሪ ብቻ ነው፤ ደርቢን የማያውቅ ግን የለም።

የስሙ ትርጉም ምንድን ነው? በብዛት ተቀባይነት ያለው አስተያየት ስሙን ለሁለት ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ክፍል በጥንቱ የሰሜን አውሮፓ ቋንቋ አጋዘን ወይም የዱር እንስሳ ማለት ነው፤ ሁለተኛው «ቢ» ደግሞ መንደር ማለት ነው። ሲገጣጠም የአጋዘኖች መንደር ይሆናል። አንዳንዶች በከተማው የሚያልፈው የደርዌንት ወንዝ ስምም በቃሉ ላይ ተጽዕኖ ሳይኖረው አልቀረም ይላሉ። በሁለቱም በኩል ግን «ቢ» ላይ ክርክር የለም፤ እሱ የመጤዎቹ ቃል ነው።

«ቢ» እና «ሰፈር»

አሁን ወደ ስፖንጋ እንመለስ። ከመሀል ከተማ በባቡር ስንመጣ ከስፖንጋ በፊት ያለው ጣቢያ ሱንድቢበሪ ነው። ከስፖንጋ ጣቢያ ወጣ ሲሉ ሱንድቢ የሚባል የመኖሪያ አካባቢ አለ። በሰሜን ምሥራቅ ሪንኬቢ፣ ከዚያ አለፍ ሲሉ ሁስቢ አለ። በምዕራብ በኩል ሄሰልቢ አለ። በሁሉም መካከል ወይም መጨረሻ ላይ ያለው «ቢ» ደርቢ ላይ ያለው «ቢ» ነው። በዛሬው ስዊድንኛም «ቢ» ብቻውን መንደር ማለት ነው፤ የቋንቋ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያገኘዋል። ሄሰልቢ የሄዘል ቁጥቋጦ መንደር ነው። ሪንኬቢ ደግሞ ጦረኛ ወይም ተዋጊ ሰው ከሚል የጥንት ቃል የመጣ ነው፤ የጦረኞች መንደር እንደ ማለት።

እንግሊዝ ውስጥም በዚሁ ቃል የሚያልቁ ስሞች በመቶዎች ይቆጠራሉ። ግሪምስቢ፣ ዊትቢ፣ ሴልቢ እያሉ ይቀጥላሉ። በካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ ቢቀመጡ በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በተለይ በሊንከንሽርና በዮርክሽር፣ ጥቅጥቅ ይላሉ፤ ወደ ደቡብ ሲወረድ ይጠፋሉ። ይህ ሥርጭት ራሱ ታሪክ ነው፤ መጤዎቹ የት ድረስ እንደ ሰፈሩ ያሳያል። ሆኖም በ«ቢ» ያለቀ ስም ሁሉ የነሱ ነው ብሎ መቸኮል አይገባም። ራግቢ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1086 በተጠናቀረው የእንግሊዝ የመሬት መዝገብ ላይ የዚህ ከተማ ስም መጨረሻ ምሽግ የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዞች ቃል ነበር፤ በኋላ ነው በዙሪያው ያሉትን የ«ቢ» መንደሮች መስሎ ራግቢ የሆነው። ጎረቤት ጎረቤቱን ይመስላልና።

ለኛ ይህን ነገር ለመረዳት ቅርቡ ቃል «ሰፈር» ነው። ሰፈር ዛሬ የምንኖርበት አካባቢ ነው፤ ሥሩ ግን «ሰፈረ» ነው፣ ጦር ወይም ተጓዥ ድንኳን ተክሎ አረፈ እንደ ማለት። አዲስ አበባ በ1886 ስትቆረቆር መኳንንቱ ከነሠራዊታቸውና ከነአገልጋዮቻቸው በየኮረብታው ሰፈሩ። ራስ ካሳ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚሉት ስሞች ከዚህ ዓይነት አሰፋፈር የተረፉ ናቸው። ድንኳኑ ተነቅሎ ጭቃ ቤት ሆነ፣ ጭቃው ብሎኬት ሆነ፣ አሁን ደግሞ ብዙው ቦታ ፈርሶ ሕንጻ ወጣበት። ስሙ ግን በታክሲ ረዳት አፍ ላይ አለ። የዴኖቹም «ቢ» መንገዱ ይኸው ነው፤ ጦር ሆኖ መጥቶ ገበሬ ሆኖ የቀረ ሰው ለሰፈረበት ቦታ በአፉ ላይ ያለውን ቃል ሰጠው።

ከከተማ ወደ ማዕረግ፣ ከማዕረግ ወደ ፈረስ

አንድ የከተማ ስም የስፖርት ቃል እንዴት ሆነ? መልሱ በመኳንንት በኩል ያልፋል። በእንግሊዝ «የደርቢ ኧርል» የሚባል የመኳንንት ማዕረግ አለ፤ ኧርልን በኛ ራስ ወይም ደጃዝማች ብንለው ብዙ አንርቅም። ከ1485 ጀምሮ ማዕረጉ በስታንሊ ቤተሰብ እጅ ነው። የዚህ ቤተሰብ 12ኛው ኧርል ኤድዋርድ ስሚዝ ስታንሊ ፈረስ ወዳድ ሰው ነበሩ። ከለንደን በስተደቡብ በምትገኘው ኤፕሰም በ1779 ኦክስ የተባለ የፈረስ እሽቅድምድም እንዲጀመር አደረጉ፤ በዓመቱ በ1780 ደግሞ የሦስት ዓመት ፈረሶች የሚወዳደሩበት ሌላ ውድድር ተጨመረ። ይህኛው ደርቢ ተባለ።

ሲወራ የኖረ ጨዋታ አለ። ኧርሉና ወዳጃቸው ሰር ቻርልስ በንበሪ ውድድሩ በማን ስም ይጠራ በሚለው ላይ ሳንቲም ጣሉ፤ ኧርሉ አሸነፉ ይባላል። እውነት ይሁን ተረት፣ የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፈው ዳዮሜድ የተባለ ፈረስ መሆኑና የፈረሱም ባለቤት በንበሪ መሆናቸው ግን የተመዘገበ ነው። ሳንቲሙ በሌላ ገጽ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቡናና ጊዮርጊስ ሲጋጠሙ «የሸገር በንበሪ» እንል ነበር ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ ኤፕሰም ከደርቢ ከተማ በጣም ይርቃል። ውድድሩ ስሙን ያገኘው ከሰው ማዕረግ እንጂ ከቦታው አይደለም። ከዚህ በኋላ ቃሉ ከትውልድ ቦታው ጋር ያለው ገመድ ተበጠሰ፤ ወደ ፈለገበት መሄድ ጀመረ። በ1869 ሃምቡርግ የጀርመንን ደርቢ አዘጋጀች። በ1875 በአሜሪካ ሉዊቪል ከተማ የኬንታኪ ደርቢ ተጀመረ፤ እስከ ዛሬም በየዓመቱ ይካሄዳል። አሜሪካኖች ያንን ክብና ጠንካራ ባርኔጣ ሳይቀር ደርቢ ብለው ጠሩት።

ስሙ ወደ ቦታነትም ተመለሰ። በአሜሪካ ኮነቲከት ውስጥ በ1675 ደርቢ የተባለች ከተማ አለች፤ ይህች ስሟን ከእንግሊዙ ከተማ ያገኘች ናት። በምዕራብ አውስትራሊያ በ1883 የተቆረቆረችው ደርቢ ደግሞ ስሟን ያገኘችው በጊዜው የቅኝ ግዛቶች ሚኒስትር ከነበሩት ከ15ኛው የደርቢ ኧርል ነው። ስሟን ያወጡት ባለሥልጣናት አለቃቸውን ማክበራቸው ነበር። በዚያ ለዘመናት የኖሩት የአገሩ ሰዎች ግን ለመሬታቸው የራሳቸው ስሞች ነበሯቸው። ስም አንዳንዴ በጎረቤትነት ይስፋፋል፤ አንዳንዴም በጉልበት። የመጀመሪያዎቹ ዴኖችም ኖርዝወርዚ ሲገቡ ቡና ይዘው ለጥየቃ እንዳልመጡ መዘንጋት የለበትም።

ከፈረስ ወደ ኳስ

የኤፕሰሙ ደርቢ ለእንግሊዞች ትልቅ የሕዝብ በዓል ሆነ። በውድድሩ ቀን ለንደን ወጥታ ሜዳ ላይ ትውላለች ይባል ነበር። በዚህ የተነሣ ቃሉ የአንድ ውድድር ስም መሆኑ ቀርቶ ብዙ ሕዝብ የሚወጣበት ማንኛውም ታላቅ ግጥሚያ ማለት ሆነ። ቀጥሎም የአንድ አካባቢ ሁለት ቡድኖች ሲጋጠሙ «የአካባቢ ደርቢ» ማለት ተለመደ፤ ውሎ አድሮ «የአካባቢ» የሚለው ቀርቶ ደርቢ ብቻውን ያንን ትርጉም ያዘ።

ሌላም ታሪክ ይነገራል። በደርቢ ከተማ በጾም መግቢያ ሰሞን የሁለት አጥቢያዎች ሰዎች፣ የቅዱስ ጴጥሮስና የቅዱሳን ሁሉ ወገን፣ ከተማውን በሙሉ ሜዳ አድርገው ኳስ ይጋፉ ነበር፤ ቃሉ ከዚያ መጣ ይባላል። ጨዋታው በእርግጥ ነበር፤ ረብሻው ስለበዛም በ1846 ታግዷል። ታሪኩ ደስ ይላል፣ ገናችንንም ያስታውሳል። ነገር ግን ቃሉ ደረጃ በደረጃ የተጓዘበትን መንገድ የሚያሳየን የፈረሱ ውድድር ነው። ደስ የሚል ማብራሪያ ሁልጊዜ ትክክለኛው አይደለም፤ ይህ ለቦታ ስም ጥናት የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

ከኳሱ ጋር ቃሉ ወደ አማርኛ ገባ። እንግሊዞች ራሳቸው «ዳርቢ» ነው የሚሉት፤ እኛ ግን ፊደሉን ተከትለን «ደርቢ» አልን። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተ አንጋፋ ክለብ ነው፤ ኢትዮጵያ ቡና ደግሞ ከሱ በኋላ መጥቶ ሌላውን የከተማዋን ግማሽ ልብ ወሰደ። ሁለቱ ሲገናኙ ግጥሚያው የሸገር ደርቢ ነው። ሸገር የከተማችን የፍቅር ስም፣ ደርቢ የዴኖች መንደር። አንድ ላይ ሲሆኑ ማንም ባዕድ ቃል ሰማሁ አይልም። «ለገሃር ውረድ» ስንል ፈረንሳይኛ መናገራችንን ማን ያስታውሳል? ቃሉ «ባቡር ጣቢያው» ማለት ነበር፤ አሁን ግን ለገሃር ለገሃር ነው።

እዚህ ባቡሩ ውስጥ

መጀመሪያ ላይ ወደ ተውናቸው ደጋፊዎች እንመለስ። ዩርጎርደን በ1891 የተመሠረተ ክለብ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከስቶክሆልሟ ደሴት ነው። ደሴቲቱ የነገሥታት ማደኛ ነበረች፤ ስሟም የእንስሳት ግቢ ማለት ነው። «ዩር» በስዊድንኛ እንስሳ ነው። ሲነገር አይሰማም እንጂ ሲጻፍ መጀመሪያው ላይ የ«ድ» ፊደል አለ። ይህ ቃል በደርቢ የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ አለ ያልነው የአጋዘኑ ቃል ዘመድ ነው። ሃማርቢ ደግሞ ድንጋያማ ጉብታ ከሚል ቃልና ከኛው «ቢ» የተሠራ ነው።

እንግዲህ የዩርጎርደንን ራስና የሃማርቢን ጅራት ብታገናኙ የምታገኙት ቃል ደርቢ ነው። ሁለቱ ክለቦች ከ2013 ጀምሮ በደቡብ ስቶክሆልም አንድ ስታዲየም ይጋራሉ፤ ሲጋጠሙ ደጋፊዎቻቸው ቃሉን ከእንግሊዝ የተዋሱት ይመስላቸዋል። በሥሩ ካየነው ግን አሥራ አንድ መቶ ዓመት ያህል ውጭ አገር ቆይቶ የተመለሰ ዘመዳቸው ነው። በኬንታኪ አልፎ፣ በሸገር አልፎ፣ ፀባዩን ቀይሮ የመጣ ዘመድ። ዲያስፖራ ማለት ይኸው አይደል?

የአድራሻ ጉዳይ

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለኳስ ወሬ ማጣፈጫ ብቻ አይደለም። እኛ እዚህ ያለን ተማሪዎች ከቦታ ስም ጋር በየቀኑ የምንታገልበት ጉዳይ አለ።

ስፖንጋ የሚለው ስም የመጣው በረግረግ ወይም በጅረት ላይ ከሚጣል መሻገሪያ ሳንቃ ነው። ስሙ መጀመሪያ የገጠር ደብር ስም ነበር፤ ጥንታዊ ክፍሉ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቴንስታ አጠገብ ቆሟል። በ1876 ባቡር ሲመጣ ጣቢያው ስፖንጋ ተባለ፤ ስሙም ወደ ሐዲዱ ዳር ተጠጋ። በ1949 አካባቢው ወደ ስቶክሆልም ከተማ ተጠቃለለ። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ አንድ ሚሊዮን መኖሪያ ቤት ለመሥራት በታቀደበት ዘመን፣ ቴንስታና ሪንኬቢ በየርቫ ሜዳ ላይ ተሠሩ። ፖስታ ቤቱ ለሁለቱም የሰጣቸው የፖስታ ቦታ ስም ስፖንጋ ነው። ስለዚህ የሪንኬቢ ነዋሪ አድራሻው በ163 ጀምሮ በስፖንጋ ያልቃል። በምድር ውስጥ ባቡሩ ሰማያዊ መስመር ላይ ግን ስፖንጋ የሚባል ጣቢያ የለም፤ እዚያ ያሉት ሪንኬቢ፣ ቴንስታና ዩልስታ ናቸው።

ይህች ክፍተት ለብዙዎቻችን መሸሸጊያ ሆናለች። የሥራ ማመልከቻ ላይ «ስፖንጋ» ብሎ መጻፍ ውሸት አይደለም፤ ፖስታውም ይደርሳል። አንባቢውም የግል ቤቶችንና የፖም ዛፎችን ያስባል። «ሪንኬቢ» ተብሎ ቢጻፍ ግን በዜና የሰማው ሁሉ ትዝ ይለዋል ብለን እንፈራለን። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። ክፍል ውስጥ «የት ነው የምትኖሪው?» ስትባል «ስፖንጋ አካባቢ» ብላ በ«አካባቢ» የምትሸፍን እኅት፣ በዚያው ቀን ማታ ሪንኬቢ አደባባይ ላይ ጓደኞቿን ቆማ ታወራለች። ማንም ይህን በማድረጓ ሊፈርድባት አይገባም።

ነገር ግን ደርቢ የሚነግረን አንድ ነገር አለ። ስም የሚሸከመው ሸክም ከስሙ ውስጥ የወጣ አይደለም። ደርቢ አጋዘን ነበር፣ ምሽግ ሆነ፣ ማዕረግ ሆነ፣ ፈረስ ሆነ፣ ባርኔጣ ሆነ፣ ዛሬ ዘጠና ደቂቃ ሆኗል። በየጊዜው ትርጉሙን የለወጡት በስሙ የተጠቀሙ ሰዎች ናቸው። የጦረኞች መንደር የነበረችው ሪንኬቢም አንድ ጊዜ ተለውጣለች። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የቋንቋ ምሁሯ ኡላ ብሪት ኮትሲናስ የስደተኛ ልጆች የሚናገሩትን የስዊድንኛ ዓይነት ስታጠና «የሪንኬቢ ስዊድንኛ» የሚለው አጠራር ተስፋፋ፤ ስሙም ቦታ ከመሆን አልፎ የአነጋገር ስም ሆነ። የሚቀጥለውን ትርጉም የሚሰጡት ደግሞ ዛሬ እዚያ የሚኖሩት ናቸው።

ዴኖቹ እንግሊዝ ውስጥ ሥልጣናቸውን ተነጠቁ፣ ቋንቋቸውም ውሎ አድሮ ጠፋ፤ ለልጆቻቸው ያቆዩት ስለ ሰፈራቸው የሚናገሩባትን አንዲት አጭር ቃል ነበር። የት ነው የምትኖረው ስትባሉ «ሪንኬቢ»፣ «ሁስቢ»፣ «ቴንስታ» ብላችሁ ሙሉውን ብትናገሩ የምትጠሩት ከብዙ ከተሞች የቆየ ስም ነው። ጠያቂው ፊቱን ቢያጨማድድ ደግሞ «ደርቢ ትወዳለህ?» በሉት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ።